ስግደት ስፖርት ነው ወይ?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ አነጋገር እየተለመደ መጥቷል። ስግደት ምርጥ ስፖርት ነው ይባላል፤ ልብን ያሠራል፣ ሆድን ያጠብቃል፣ ወገብን ያፍታታል፣ ዕቃም ክፍያም አይጠይቅም። አነጋገሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። የሚናገሩት አብዛኞቹ ሃይማኖታቸውን የሚወዱ፣ አባቶች ያቆዩላቸው ሥርዓት ዛሬ ሁሉም ከሚጨነቅለት ከጤና ጋር ሲገጥም አይተው ደስ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ነገሩም በከፊል እውነት ነው። በስፖርት ቤት «በርፒ» የሚባለውን እንቅስቃሴ ያየ ሰው የስቅለት ዕለቱን ስግደት ማስታወሱ አይቀርም። ቆሞ መጀመር፣ ጉልበትን አጥፎ መውረድ፣ መዳፍን መሬት ላይ መትከል፣ አካልን መዘርጋት፣ ተመልሶ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ባለሙያ ከሮያል በርፒ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሰውን የአካል ብቃት ለመለካት የተዘጋጀ ቀላል ፈተና ነበር። ሲነሣ ለመለኪያ የተነሣ መሆኑ ልብ ይባልልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥያቄው ግን እንቅስቃሴዎቹ ይመሳሰላሉ ወይ የሚለው አይደለም፤ ይመሳሰላሉ። ጥያቄው፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት አወራረድ ወርደው በአንድ ዓይነት አነሣሥ ቢነሡ አንድ ነገር አደረጉ ልንል እንችላለን ወይ የሚለው ነው። መልሴ አንችልም ነው። ይህን ስል ግን «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፤ ጉልበት ታጠፈ አልታጠፈ ምን ለውጥ አለው» ከሚሉት ጋር እንድቆጠር አልፈልግም። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የስሕተታቸው ሥር አንድ ነው። አንደኛው አካልን የሚጠገንና የሚጠበቅ ዕቃ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ነፍስ አውልቃ ደጅ ልትተወው የምትችል ልብስ ያደርገዋል። በሁለቱም ዘንድ አካል ጸሎት ውስጥ ድርሻ የለውም። ሥርዓታችንን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን ሰው የሚጸልየው በአካሉም ጭምር ነው፤ ስለዚህም አሰጋገዱ ራሱ የጸሎቱ አንድ ክፍል ነው።

ስግደቱን በዝግታ እንመልከተው። ሰጋጁ መጀመሪያ ይቆማል። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቷል፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሷል። ያማትባል፤ እጁ ከግንባሩ ወደ ደረቱ፣ ከግራ ትከሻው ወደ ቀኙ ይሄዳል። ከዚያ ራሱ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ሁለቱ መዳፎቹ መሬቱን ይይዛሉ፣ በመጨረሻም ግንባሩ ምንጣፉን ወይም አፈሩን ይነካል። እዚያ ላይ አንዲት ቅጽበት አለች። እስትንፋሱ ከመሬቱ ተመልሶ ፊቱን ይመታዋል፤ ዓይኑ ከአፍንጫው ሥር ካለው ሰሌን በቀር የሚያየው የለም፤ ከሰውነቱ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚኖረው ራሱ ከእግሩ እኩል ሆኗል። ከዚያ በኋላ ይነሣል። ሊቃውንቱ ለዚህ አወራረድ ደረጃ አውጥተውለታል። ራስን ብቻ ዝቅ ማድረግ አድንኖ ይባላል፣ ጉልበትን ማንበርከክ አስተብርኮ፣ ግንባርን ከመሬት ማድረስ ሰጊድ። ዝቅታው እስከ የት እንደ ደረሰ በስም የሚለይ ሥርዓት፣ አካሉ ምን እንዳደረገ ግድ የማይሰጠው ሊሆን አይችልም።

አሁን ደግሞ ወደ ስፖርት ቤቱ እንሂድ። ቆሞ የሚሠራ የልብና የሆድ እንቅስቃሴ የሚያሠለጥን ሰው፣ ለምሳሌ ቀኝ ጉልበትን እያነሡ ከግራ ክርን፣ ግራውን ከቀኝ ክርን ጋር ማገናኘትን የሚያስተምር፣ ለጀማሪው የሚነግረው ብዙ ነው። እጆችህ ከጆሮህ ጎን ይሁኑ እንጂ አንገትህን አትጎትት። ክርንህን ብቻ አታውርድ፤ ከወገብህ በላይ ያለው አካልህ ይዙር። ጉልበትህ ሲነሣ ትንፋሽህን አውጣ። የቆምክበት እግር ጉልበቱ አይገተር። እነዚህ ሁሉ ምክንያት አላቸው። አንገት ከተጎተተ ሆድ ሥራ ይፈታል፤ አካል ካልዞረ የጎን ጡንቻዎች አይነኩም፤ ከተቸኮለ ደግሞ እግር በውርወራ ይነሣና ጡንቻው ሊሸከመው የሚገባውን ውርወራው ይሸከምለታል። እንቅስቃሴውን ትክክል የሚያሰኘው እንግዲህ ዓላማው ነው፤ ጡንቻው ከተነካ ትክክል ነው፣ ካልተነካ ስሕተት ነው። ይህን መለኪያ ይዞ አሠልጣኙ አንድ ሰጋጅ ቢያይ ምን ይለዋል? «ታች አትቆይ፣ የልብ ምትህ ይወርዳል። ፍጥነት ጨምር። ግንባርህን መሬት ማስነካት አያስፈልግህም፤ ደረትህን አውርድ» ይለዋል። የንስሐ አባቱ ደግሞ «ተረጋጋ፣ ግንባርህ ይንካ፣ ለመነሣት አትቸኩል» ይሉታል። አንዱን እንቅስቃሴ ሁለት መምህራን በተቃራኒ አቅጣጫ ካረሙት፣ ሁለቱም በየሙያቸው ልክ ከሆኑ፣ የሚያርሙት አንድ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ለስፖርተኛው ታችኛው ነጥብ መመለሻ ነው፤ ለሰጋጁ ግን የመጣው እዚያ ለመድረስ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ የቀን አቆጣጠሩ ላይ አለ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት እሑድ አይሰገድም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትም አይሰገድም። የቆረበ ሰው በዚያ ዕለት አይሰግድም። ነገሩ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት በ20ኛው ቀኖናቸው በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ምእመናን ሳይንበረከኩ ቆመው እንዲጸልዩ ደንግገዋል። ስግደት የአካል ብቃት ሥራ ቢሆን ይህን የመሰለ ሕግ ትርጉም አይኖረውም፤ 50 ቀን ሙሉ ልምምድ አቁሙ የሚል አሠልጣኝ አይገኝም። ስግደት ቋንቋ ከሆነ ግን ሕጉ ግልጽ ነው። መውደቅ ስለ ኀጢአትና ስለ መከራ ይናገራል፤ ቀጥ ብሎ መቆም ስለ ትንሣኤ ይናገራል። በትንሣኤ ሰሞን ግንባሩን መሬት የሚያስነካ ሰው፣ በሠርግ ቤት ሙሾ እንደሚያወርድ ሰው፣ ያለ ቦታው ተናግሯል። ቋንቋ ደግሞ በትክክል ሊነገርም ሊበላሽም ይችላል። አንዳንዶች ይህን ሕግ የድካም ዕረፍት አድርገው ሲያስረዱት ይሰማል፤ ዕረፍት ቢሆን ኖሮ ግን እሑድ እንድንቀመጥ ይፈቀድልን ነበር። እንድንቆም ነው የታዘዝነው።

እዚህ ላይ ልብ ብቻ ይበቃል የሚለው ወገን የሚያነሣው ጠንካራ ነገር አለ፤ እንዲያውም እርሱ ካሰበው በላይ የጠነከረ ማስረጃ ከወንጌል ላቅርብለት። ማርቆስ በ15ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፣ የጲላጦስ ጭፍሮች ለጌታ የእሾህ አክሊል ካደረጉለት በኋላ ተንበርክከው ሰግደውለታል። ጉልበታቸው ታጥፏል፣ ራሳቸው ወርዷል፤ በእንቅስቃሴው ምንም አልጎደለም። በአጠገቡ ቆሞ ድምፅ ሳይሰማ የሚያይ ሰው ቢኖር አምልኮ መስሎት ይሄድ ነበር። የነርሱ ስግደት ግን ከጥፊው የባሰ ስድብ ነው። እንግዲህ የአካል እንቅስቃሴ ብቻውን ስግደት እንደማይሆን ወንጌሉ ራሱ መስክሯል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ አካል አያስፈልግም ማለት፣ በቃል መዋሸት ስለሚቻል ቃል አያስፈልግም እንደ ማለት ነው። ጭፍሮቹ መዘባበት የቻሉት መንበርከክ ክብርን የሚናገር እውነተኛ ቃል ስለሆነ ነው። ትርጉም የሌለው እንቅስቃሴ ቢሆን ማንንም ሊሰድቡበት አይችሉም ነበር።

ሉቃስ በ18ኛው ምዕራፍ የጻፈው የፈሪሳዊውና የቀራጩ ምሳሌም ብዙ ጊዜ ለልብ ወገን ይጠቀሳል። ግን ቃሉን ቀስ ብሎ ማንበብ ነው። ሁለቱም ቆመዋል፤ ወንጌላዊው የቀራጩን ልብ ያሳየን ደግሞ በአካሉ ነው። በሩቅ ቆመ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሊያነሣ አልወደደም፣ ደረቱን ይመታ ነበር። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም የሐሳብ ሥራ አይደለም። ሐና በሴሎ ያለ ድምፅ ስትጸልይም ካህኑ ዔሊ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቷል። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ማቴዎስ እንደሚነግረን በፊቱ ወድቆ ነው የጸለየው። በመንፈስና በእውነት ስገዱ ብሎ ለሳምራዊቷ ሴት ያስተማረው እርሱ በመሬት ላይ ከወደቀ፣ በመንፈስ መስገድ ማለት ያለ አካል መስገድ ነው የሚለው አተረጓጎም ከመምህሩ ሕይወት ጋር አይስማማም።

ይህ የአንድ ቤተ እምነት አመለካከት ብቻ አይደለም። ስግደት፣ ሱጁድ፣ መስጊድ የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር ናቸው፤ መስጊድ ማለት መስገጃ ማለት ነው። ቤተ እስራኤል ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ጾመው ተራራ እየወጡ ያከበሩት፣ እስራኤልም እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጋ የደነገገችው በዓል ስሙ ራሱ ስግድ ነው። ከሁሉም ግን ለእኔ ነገሩን አጥርቶ የሚያሳየው የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ የመዘገቡት ሐዲስ ነው። አንድ ሰው መስጊድ ገብቶ በጥድፊያ ሰገደና መጥቶ ለነቢዩ ሙሐመድ ሰላምታ ሰጠ። ሰላምታውን መልሰውለት፣ አልሰገድክምና ተመልሰህ ስገድ አሉት። ሰገደ፤ እንደገና መለሱት። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅምና ያስተምሩኝ አለ። ያስተማሩት ምን ነበር? በሩኩዕ፣ ማለትም በማጎንበሱ፣ እስክትረጋጋ ቆይ፣ ቀጥ ብለህ እስክትቆም ተነሣ፣ በሱጁድም እስክትረጋጋ ቆይ የሚል ነው። ልብህ የት ሄዶ ነበር ብለው አልጠየቁትም፤ ያረሙት አጥንቱን ነው። አጥንቱ ከረጋ ልቡ የሚያርፍበት ያገኛል። ሙስሊም ሊቃውንት ይህን መርጋት ጡመኒና ይሉታል፤ ብዙዎቹም ያለ እርሱ ሶላት አይሞላም ይላሉ። በቀን በ17ቱ ግዴታ ረከዓዎች ውስጥ ግንባር 34 ጊዜ መሬት ይነካል፤ 34ቱም እያንዳንዳቸው ጊዜያቸውን ይፈልጋሉ።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ይህንን ያውቃሉ። ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ትምህርቶች አንዱ ስሙ አቋቋም ነው፤ እንደ ቃሉ ከወሰድነው የመቆም ሁኔታ ማለት ነው። ተማሪው መቋሚያውን መቼ እንደሚያነሣና መቼ እንደሚጥል፣ ሰውነቱን ወደ የት እንደሚያዘነብል፣ ጸናጽሉ ከየትኛው ፊደል ላይ እንደሚወድቅ፣ ከበሮው መቼ እንደሚገባ ዓመታት ወስዶ ይማራል፤ ጎንደር በዓታ ድረስ ሄዶ የሚያስመሰክርም አለ። መምህሩ ደቀ መዝሙሩን ምን ተሰማህ ብሎ አይጠይቅም። ትከሻውን ያርምለታል፣ መቋሚያው ግማሽ እርምጃ የዘገየበትን ቦታ ያሳየዋል፣ እንደገና ያስጀምረዋል። ለማያውቅ ሰው ይህ ግትርነት ይመስላል። እኔ ግን ጥልቅ የሆነ የሰው ዕውቀት አየዋለሁ። ስሜትን በቀጥታ ማዘዝ አይቻልም፤ ተመሰጥ ብሎ ያዘዘ ሁሉ የሚያገኘው የተመሰጠ መምሰልን ነው። አካልን ግን ማዘዝ ይቻላል፤ ታዛዥ የሆነ አካል ውስጥ ልብ ቀስ እያለ ይከተላል። በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረው፣ መጽሐፉ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆኖ በአንድምታ ሲተረጎም የኖረው ማር ይስሐቅ፣ ስግደትን ከጸሎት ታላላቅ ሥራዎች የሚቆጥረውና የአካልን ሥርዓት ንቀው በሐሳብ ብቻ እንጸልያለን የሚሉትን የሚገሥጸው ለዚህ ይመስለኛል።

ሦስት መቃወሚያዎች ይቀራሉ። የመጀመሪያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ አካልን ማሠልጠን የሚጠቅመው ለጥቂት መሆኑን ጽፏል የሚል ነው። ጽፏል፤ ግን ያነጻጸረው አካልን ማሠልጠንን ከእግዚአብሔር አምልኮ ጋር ነው፤ ስግደትን ከየትኛው ወገን እንደምናደርገው ነው እንግዲህ ጥያቄው። ይህ ቃል የሚከብደው ስግደትን ስፖርት በሚያደርገው ሰው ላይ ነው፤ ለሁሉ ከሚጠቅመው አውጥቶ ለጥቂት ከሚጠቅመው ውስጥ ጨምሮታልና። ለጥቂት ይጠቅማል ማለት አይጠቅምም ማለት እንዳልሆነም ልብ እንበል፤ ያው ሐዋርያ አማኝን ከሯጭና ከቡጢ ተጋጣሚ ጋር አመሳስሎ ጽፏል፣ አካልንም ቤተ መቅደስ ብሎታል።

ሁለተኛው የበለጠ ሰብአዊ ነው። አካል የጸሎት ክፍል ከሆነ የአልጋ ቁራኛ የሆነው፣ ጉልበቷ ያበጠባት እናት፣ ነፍሰ ጡሯ ጸሎታቸው ጎደሎ ነው ወይ? አይደለም። ሥርዓቱ ሰጊድን ብቻ ሳይሆን አድንኖንም ስግደት ብሎ የቆጠረበት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። በእስልምናም መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል። አካል ከጸሎቱ አልወጣም፤ የሚችለውን ይሰጣል፤ ከትራስ ላይ በጣት ስፋት ብቻ የተነሣ ራስም ሰግዷል። በተቃራኒው ሐኪም አትንበርከክበት ባለው ጉልበት ላይ በእልህ የሚወድቅ ሰው፣ ክብደቱን በአንድ ጊዜ በእጁ አንጓ ላይ እየጣለ የሚጎዳ ሰው፣ የሚሰግድለትን ጌታ ማደሪያ እያፈረሰ ነው። ጉልበትን ቀስ ብሎ ማጠፍ፣ መዳፍን ሙሉውን ማሳረፍ፣ ሲነሡ ደግሞ አንድ እግርን አስቀድሞ መትከል ለአረጋዊ ሰው ቅንጦት አይደለም።

ሦስተኛው፦ ጤና ቢሰጥ ምን ክፉ አለው? የሚል ነው። ጤና መስጠቱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ ጤናው ምክንያት ሲሆን ነው፤ ምክንያት የሆነ ነገር ቅርጹን ይለውጣልና። ለልብ ምት የሚሰግድ ሰው ዝግታውን ያሳጥራል፣ ቅጽበቷን ይዘላል፣ የተሻለ ማሽን ባገኘ ዕለት ደግሞ ስግደቱን ይተዋል፤ መተውም ይገባዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ቁጥሩ ነው። በሥርዓታችን ቁጥር አለ፤ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ይባላል፤ በስቅለት ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባን መታ መታ አድርገው የስግደት ቁጥር ይሰጣሉ። ያ ቁጥር ግን ሌላ ሰው የሰጠው ነው፤ ሰነፉን ከስንፍናው፣ ቀናተኛውን ከመጠን ማለፍ ይጠብቀዋል። በርፒ ለመለካት የተነሣ ነውና ቁጥሩ የሠሪው ንብረት ነው፤ ትናንት 20 ከሆነ ዛሬ 25 ሊሆን ይገባዋል። ይህ በስፖርት ቤት መልካም ነው። በስልክ እየተቆጠረ፣ ለወዳጅ እየተላከ፣ ትናንት የተሰገደውን ለመብለጥ የሚደረግ ስግደት ግን ግንባሩ ወርዶ ሰውየው ከፍ ያለበት ነው።

ስለዚህ ወጣቱን በጤና ጥቅም ወደ ስግደት የምትጠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልፋታችሁ ከፍቅር እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ጥሪውን ግን እባካችሁ አስተካክሉት። ለልባችሁና ለሆዳችሁ የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ በሩጫውም፣ በእግር ጉዞውም፣ በስፖርት ቤቱም በአግባቡ ሥሩ፤ አካሉ ይገባዋል። ለስግደት ስትቆሙ ደግሞ አምስት ብቻ የምትችሉ ከሆነ አምስቱን ግንባራችሁ እስኪነካ ስገዱ፣ ከመነሣታችሁ በፊትም አንድ ጊዜ ተንፍሱ። ዕለቱ እሑድ ከሆነ አትስገዱ፤ ቁሙ።